አንድ ኪሎ ከስድስት መቶ ግራም

ቅዳሜ 8

ይህ ደብተር የሥራ ነው። ከፊት ያሉት ገጾች የሚዛን ጥገና መዝገብ ናቸው፤ የእህል መጋዘኑ ትልቁ ሚዛን፣ የሥጋ ቤቱ፣ የፖስታ ቤቱ ትንሿ። ዛሬ ከኋላ ገልብጬ ጀመርኩት። ሲስተር «ባለቤትዎ የምትጠጣውንና የምትሸናውን እየለኩ ይያዙልን፤ እኛም እንይዛለን፣ ግን ከአንድ ዓይን ሁለት ይሻላል» ስላለችኝ ነው። ለዚህ ሥራ ከእኔ የተሻለ ሰው አታገኝም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሚዛን ከመጠገን ሌላ ሥራ አልሠራሁም።

የጠጣችው 450 ሚሊ ሊትር። የወጣው 60።

ስድሳ። የሽሮፕ ጠርሙስ እንኳ አይሞላም።

ነገሩ የጀመረው ሰኞ ነው። ሆዷን አሟት፣ ያስመልሳታል፣ ያስቀምጣታል። «ይተወኛል» አለች። «ይተውሻል» አልኩ። ወገቧንም ስላመማት ማስታገሻ እየዋጠች ሁለት ቀን ሥራ ገባች። ሐሙስ ከጓንት ፋብሪካው ደወሉልኝ፤ ከስፌት መኪናዋ ተነሥታ ወደ መጸዳጃ ስትሄድ ኮሪደሩ ላይ ወድቃለች።

ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ቶሎ ቶሎ ትናገራለች። የደም ውጤቱን አይታ «ኩላሊቶቿ ሥራ አቁመዋል» አለችኝ።

«በቃ፣ አበቃ ማለት ነው?»

«አይደለም ጋሼ። እንዲህ በድንገት የቆመ ብዙ ጊዜ ይመለሳል።»

«ብዙ ጊዜ ማለት ከመቶ ስንት?»

ትንሽ አየችኝ። «ይህን በቁጥር ልነግርዎት አልችልም። እስኪመለስ ግን በሕይወት ልናቆያት እንችላለን።»

ምን መድኃኒት ስትወስድ እንደነበር ሲጠይቋት ባለቤቴ ከእኔ ቀድማ «ከሱቅ የገዛሁት ማስታገሻ ነው» አለች። እኔም አላረምኳትም።

የመሣሪያ ሳጥኔን ዛሬ አልከፈትኩትም።


እሁድ 9፣ ጠዋት

ክብደት 72.8። እግሯ አብጧል፤ በጣቴ ስጫነው ጉድጓዱ ቶሎ አይሞላም። የጠጣችው 200። የወጣው 20። ውሃ ጠማኝ ትላለች። ከተፈቀደላት በላይ አንድ ጉንጭ መስጠት አልችልም። ከንፈሯን በእርጥብ ጨርቅ ጠረግኩላት። አንጀቴን በላችው።


እሁድ 9፣ ማታ

ክፍሉ ውስጥ ሌላ አንዲት በሽተኛ አሉ፤ ጡረታ የወጡ የሳይንስ መምህርት። ሦስት ዓመት ሙሉ በሳምንት ሦስት ቀን የኩላሊት እጥበት ሲያደርጉ ኖረዋል፤ አሁን የመጡት የሳንባ ምች ይዟቸው ነው። ድምፃቸው ግን አሁንም ክፍል ጸጥ የሚያሰኝ ነው። የሽንት መለኪያውን ወደ ብርሃን አንስቼ ሳነብ ሲያዩኝ ሳቁ።

«ሰው ሁሉ ኩላሊትን ጠራጊ ያደርገዋል» አሉ። «ጠራጊስ የትም አለ። ጥበቡ መመለሱ ላይ ነው። ከደምህ በቀን መቶ ሰማንያ ሊትር ያህል ያጣራና ውሃውን፣ ጨዉን፣ ስኳሩን እያየ የሚጠቅምህን መልሶ ለደምህ ይሰጣል። ብዙ ስትጠጣ ይለቃል። ሲጠማህ ደግሞ ይይዛል። መጨረሻ ላይ የምትሸናው አንድ ተኩል፣ ቢበዛ ሁለት ሊትር ነው።»

«ከመቶ አንድ ያህል ማለት ነው» አልኩ።

«ጎበዝ። የኋላ ወንበር ተማሪ አትመስልም።»

መቶ ሰማንያ ሊትር አጣርቶ መቶ ሰባ ስምንቱን መመለስ! እንዲህ ያለ መሣሪያ በእጄ ገብቶ አያውቅም። ሁለት ቡጢ የሚያህል ነገር ሃምሳ ሦስት ዓመት ሙሉ ሚስቴ ውስጥ ያለ ጠጋኝ ሲሠራ ኖረ፤ እኔ ግን አንድ ቀን እንኳ አላሰብኩትም። ይባስ ብዬ ከጠዋት እስከ ማታ ውሃ ሳትቀምስ ስትውል «አንቺ እንደ ግመል ነሽ» እያልኩ አሾፍ ነበር። ያመሰገንኳት መስሎኝ ነው። እሷ የማትጠጣው ለምን እንደሆነ አውቃለሁ። በስፌት መስመራቸው ሠላሳ ሴቶች አሉ፤ መጸዳጃ የምትሄደው ያለችውን አንዲት የእንጨት ታርጋ የያዘች ብቻ ናት። ታርጋዋ እስክትመለስ ሌላው ይጠብቃል። የሚጠብቅ ሰው ውሃ አይጠጣም።

አንድ ጥሩ ነገር ሠርቻለሁ። ጠዋት ባለቤቴን ሲመዝኗት ሚዛኑ ዓይኔን ወጋኝ፤ ባዶውን ሳለ ዘንጉ አይተኛም። ከሰዓት በኋላ ሁለት ባለ አሥር ኪሎ የሚዛን ድንጋይ በቦርሳ ይዤ ተመለስኩ። ሃያው ኪሎ ሃያ አንድ ከስድስት መቶ አለኝ። ብሎኗን ፈትቼ፣ አስተካክዬ፣ መልሼ አጠበቅኩ። አሥር ደቂቃ አልፈጀብኝም። በእኛ ሙያ ሚዛን ያረመ ሰው ምን ያህል ስቶ እንደነበረ ጽፎ፣ ፈርሞ፣ ወረቀቱን ያንጠለጥልበታል። እዚህ ግን ማን ጠራኝና? ጉራ እንዳይመስልብኝ ሹልክ ብዬ ወጣሁ። እንደ ልማዴ ከፊት ያለው ገጽ ላይ መዘገብኩት። ልክ ያልሆነ ሚዛን አይቶ ማለፍ አይሆንልኝም።


ሰኞ 10

ሆዴ ቅቤ ጠጣ! ክብደት 71.9። በአንድ ቀን ዘጠኝ መቶ ግራም ቀነሰች!

ጠዋት ሲመዝኗት ሥራ ላይ ነበርኩ፤ ከሰዓት ስደርስ ነው የሰማሁት። ዛሬ ሊያደርጉላት የነበረውን እጥበት ሐኪሟ አስተላልፋዋለች። ሽንቷ ገና 70 ቢሆንም ውሃው በተቅማጡና በላቡ እየወጣ ይሆናል ብላለች። የምትጠጣውንም ትንሽ ጨመሩላት። ባለቤቴ ብርጭቆውን በሁለት እጇ ይዛ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ቀስ እያለች ጠጣችው። እንዲህ የተደሰተችበትን ቀን ካየሁ ቆይቻለሁ።

ታላቅ እህቷ መጥታ ነበር። ይህች ሴት እኔን ወድዳኝ አታውቅም፤ ሃያ ስምንት ዓመት ሆነን። ኮሪደሩ ላይ ለአንዷ ዘመድ «የሚስቱን ፊት ትቶ ቁጥሯን ነው የሚያየው» ስትል ሰማኋት። በር ላይ ቆሜያለሁ እኮ! ገብታም «ፊቷ ከትናንት ይልቅ አብጧል» አለችኝ።

«ሚዛን አይዋሽም» አልኳት።

ቤት ገብቼ ጢሜን ተላጨሁ። ከሐሙስ ወዲህ ገና ዛሬ ነው መስተዋት ያየሁት።


ማክሰኞ 11፣ ጠዋት

ሥራ ቦታ። የሥጋ ቤቱን ሚዛን ልመዘግብ የፊቱን ገጽ ገለጥኩ።

«እሁድ 9። የሆስፒታል ሚዛን። 1.6 ኪሎ ያበዛ ነበር። ታርሟል።»

72.8 ሲቀነስ 1.6፣ 71.2።

አልቀነሰችም። እኔ ነኝ። ወደ ሆስፒታል እየሄድኩ ነው።


ማክሰኞ 11፣ ማታ

አሁን ቁጭ ብዬ ልጻፍ።

እሁድ ጠዋት እውነተኛው ክብደቷ 71.2 ነበር። ሰኞ 71.9 ሲሆን ሰባት መቶ ግራም ጨምራ ነበር እንጂ አልቀነሰችም። ሰባት መቶ ግራም መውጫ ያጣ ውሃ! በዚያ ላይ ሌላ ውሃ አጠጣናት።

ስደርስ ትራስ ተደራርቦላት ቁጭ ብላለች። መተኛት አልቻለችም። ስትተነፍስ ደረቷ ውስጥ ውሃ የሚንፈቀፈቅ ይመስላል። ታላቅ እህቷ ጀርባዋን ይዛታለች። መምህርቷ ከአልጋቸው ሆነው «ሐኪሟን ጥሩ! ሐኪሟን!» እያሉ ይጮኻሉ። እኔ ሐኪሟን በሩ ላይ ያዝኳትና ደብተሩን ከፊትም ከኋላም ገልጬ አሳየኋት። ምን እንዳልኩ አላስታውስም። ሁለቱን ቁጥሮች በጣቴ እያመለከትኩ «ሚዛኑን ነካሁት፣ ሚዛኑን ነካሁት» ማለቴን ብቻ አስታውሳለሁ።

አንድ ጊዜ አየችው፤ ገባት። ወዲያው ነርሶቹን አሯሯጠቻቸው። ኦክሲጅን አደረጉላት፤ ወደ እጥበት ክፍል ወሰዷት። ሐኪሟ ወደ እኔ የተመለሰችው ከዚያ በኋላ ነው።

«ጋሼ፣ ያ ሚዛን እንደሚያበዛ እኮ እናውቃለን! ሲስተርም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ። እኔ የምፈልገው በትናንትና በዛሬ መካከል ያለውን ልዩነት ነው። ሁልጊዜ እኩል የሚዋሽ ሚዛን ይበቃኛል። ሳይነገረኝ ባንድ ሌሊት እውነተኛ የሚሆን ሚዛን ግን ሰው ይገድልብኛል።»

ሠላሳ አንድ ዓመት በዚህ ሙያ ኖሬ ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም። ካፈርኩ አይቀር ብዬ «ሌላም አለ» አልኳት። «ማስታገሻውን ከሱቅ አልገዛችውም። የእኔ ነው። ለጉልበቴ የምውጠው፣ ከመሣሪያ ሳጥኔ አውጥቼ የሰጠኋት። አንዱ ካልያዘሽ ሁለት ሁለት ዋጪ ያልኳትም እኔ ነኝ።»

ስትቆጣኝ ይሻል ነበር። ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። ሰውነቷ በተቅማጡ ውሃ ጨርሶ በነበረበት ሰዓት ያ መድኃኒት ወደ ኩላሊት የሚገባውን ደም ይብስ እንደሚያሳንሰው አስረዳችኝ። ለብቻው ይህን ሁሉ ላያደርስ ይችል ነበር አለች። «ቀድመው ቢነግሩኝ ግን ደግ ነበር» ብላ ተነሣች። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል በሽተኛውን ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ አስታማሚንም ይጨምራል።

እጥበቱ አራት ሰዓት ፈጀ። ደሟ በአንዱ ቱቦ ይወጣል፣ በማሽኑ ያልፋል፣ በሌላው ይመለሳል። በመስታወቱ በኩል ቆሜ አየሁ። ሦስተኛው ሰዓት ላይ አንገቷን ወደ ኋላ አስደግፋ ተኛች። ደረቷ ጸጥ ብሎ ከፍ ዝቅ ይላል። እፎይ አልኩ። እዚያው ግድግዳውን ተደግፌ አለቀስኩ፤ ታላቅ እህቷ አየችኝ። መሐረቧን ሰጠችኝ።


ረቡዕ 12

ሲስተር ካርቶን ቆርጣ ሰጠችኝ። «እሁድ 9 ታርሟል፤ ቀድሞ 1.6 ኪሎ ያበዛ ነበር» ብዬ ጽፌ፣ ፈርሜ፣ ሚዛኑ ላይ አንጠለጠልኩ። በሽተኛ ሁሉ እያነበበ ያልፋል። ይበለኝ።

ባለቤቴ መናገር ጀምራለች። ሁሉንም ነገርኳት።

«ከሱቅ ነው ያልኩት ለምን መሰለህ?» አለችኝ። «እዚያ ሁሉ ሰው ፊት እንዳታለቅስ ብዬ ነው። ስታለቅስ አታምርም።»

«ልገድልሽ ነበር እኮ።»

«ገዳዬስ አንተ ነህ፣ ሌላ ማን ይታማል» ብላ ሳቀች። ሳቋ አሳላት። ስታስል ልቤ ወለቀ።


ዓርብ 14

የጠጣችው 500። የወጣው 40። ሁለተኛ እጥበት።

የሥራ ሽርጧን አጠብኩ። ኪሷ ውስጥ የእንጨቷ ታርጋ አለች። የወደቀችው እሷን ይዛ ኖሯል። መሣሪያ ሳጥኔ ውስጥ፣ ድንጋዮቹ ሥር አስቀመጥኳት።


ሰኞ 17

የወጣው 110። ሦስተኛ እጥበት። ሐኪሟ «እንጠብቅ» ትላለች። እጠላዋለሁ ይህን ቃል።

ከጓንት ፋብሪካው ከባለቤቴ አጠገብ የምትሰፋው፣ ረጅሟ የሚሏት፣ ልትጠይቃት መጣች። ወሬዋ ሁሉ ስለ ታርጋዋ ነው። «የወደቅሽ ዕለት ጠፋች! ካቦዋ ጠረጴዛ ሥር ሁሉ ገብታ ፈለገች። አዲስ አሠራለሁ ብላ ነበር፤ እስካሁን የለም። ሁላችንም ሲመጣብን ተነሥተን እንሄዳለን። እኔማ ውሃ በላስቲክ ጠርሙስ ይዤ መግባት ጀመርኩ። የሚገርምሽ፣ የምናወጣው ጓንት አልቀነሰም!»

ባለቤቴ አየችኝ። እኔ ጣሪያውን አየሁ። ዝም ማለት ምን እንደሚያመጣ በቅርቡ የተማርኩ ሰው ነኝ፤ ይህን ግን ዝም አልኩ።


ኀሙስ 20

120። 

ትናንትም 120 ነበር። መለኪያውን ሦስቴ አነበብኩት። ምሳ የበላሁ አይመስለኝም። ታላቅ እህቷ «ደግሞ አንተን ማን ሊያስታምም ነው?» ብላ ሳህን አስጨበጠችኝ። መምህርቷን «ኩላሊቶቿ ባይመለሱስ?» ብዬ ጠየቅኳቸው፤ ባለቤቴ ተኝታ ነበር።

«የእኔዎቹ አልተመለሱም» አሉኝ። «ከእኔ ቀድመው ጡረታ ወጡ። ይኸው ግን አለሁ፣ አስተምርሃለሁም። የሷ ግን ድንገት የደነገጠ ነው፤ የእኔ ለሃያ ዓመት በግፊትና በስኳር የተበላ ነው። አንድ አይደለም። ጠብቅ።»

ከእሳቸው አፍ ሲወጣ ቃሉ አልከበደኝም።


ሰኞ 24

310!

ሲስተር ራሷ መለኪያውን ከፍ አድርጋ ይዛ መጣች። ከሩቅ አየሁት። ከፍ ከፍ እያደረገች «ጋሼ፣ ያንብቡ!» አለችኝ። ዓይኔ እንባ ስለሞላ ማንበብ አቃተኝ። ታላቅ እህቷ አነበበችልኝ።


ረቡዕ 26

1,150። ዛሬ እጥበት የለም። ሐኪሟ የደም ውጤቱን ስታይ ከንፈሯን ሳትነክስ ቀረች፤ ይህ የመጀመሪያዋ ነው።


ዓርብ 28

3,400። የሽንት መያዣው በቀን አራቴ ተቀየረ።

መጀመሪያ ደስ አለኝ፤ ከዚያ ፈራሁ። ክብደቷ በሁለት ቀን ሁለት ኪሎ ቀንሷል፤ በትክክለኛ ሚዛን። ምላሷ ደርቋል። ሐኪሟ በደም ሥሯ ውሃና ጨው አዘዘችላት፣ በአፏም ጠጪ አለቻት።

«አንዴ አትጠጪ፣ አንዴ ጠጪ!» አለች ባለቤቴ። «እናንተ ሰዎች ቁርጣችሁን ንገሩኝ እንጂ።»

መምህርቷ አልደነገጡም። «ነቅቷል፣ ግን ገና አልጠራም። መልቀቁን አስታወሰ፤ መመለሱን አልያዘውም። ጥቂት ቀን ስጡት። ምን ብዬህ ነበር? ጥበቡ የቱ ላይ ነው?»

«መመለሱ ላይ» አልኩ።

«ለዚህ ልጅ ሙሉ ማርክ ስጪው» አሏት ባለቤቴን።


ሰኞ 1

የጠጣችው 2,600። የወጣው 2,300። ሲስተር ዛሬም ሚዛኑ ጋ ስደርስ እጄን አየት አድርጋ «ነክተውታል?» አለችኝ። በየጠዋቱ ትጠይቀኛለች። የልብ ወዳጆች ሆነናል።


ኀሙስ 4

የጠጣችው 2,100። የወጣው 1,700። የቀረው በላብና በትንፋሽ ነው ይላሉ መምህርቷ። ሐኪሟ ወረቀቱን ፈረመች። ያ ዓይነት ማስታገሻ ሁለተኛ እንዳይነካት፣ ውሃ እንድትጠጣ፣ ሽንቷን እንዳትይዝ፣ በየሁለት ሳምንቱ ለምርመራ ደም እንድትሰጥ። ወደ ቤት!

ባለቤቴ ስትሰናበታቸው መምህርቷን አቅፋ አለቀሰች። እሳቸው አላለቀሱም። «ሂጂ ልጄ» አሉ። «ስትሸኚ አስቢኝ።» ሦስታችንም እስኪያመን ሳቅን። ነገ የእጥበት ቀናቸው ነው። በር ላይ ዘወር ብዬ ሳይ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረዋል። ማክሰኞ ሄጄ እጠይቃቸዋለሁ።


ሰኞ 15

የደም ውጤቷ ደህና ነው፤ ጥቂት ቢቀረውም ልክ ሊገባ ነው። ዛሬ ለግማሽ ቀን ሥራ ገባች። ጠዋት ታርጋዋን ከሳጥኑ አወጣሁና በትንሿ ሚዛን መዘንኳት። ሠላሳ ስምንት ግራም። ሠላሳ ሴት ይዛ የኖረች ነገር ይህቺ ናት?

«ትመልሺላቸው ይሆን?» አልኳት።

«የት ነበረች?»

«ድንጋዮቹ ሥር።»

የውሃ ላስቲኳን ሞላች። «እዚያው ትቀመጥ» አለች። ክዳኑን ጠበቅ አድርጋ ወጣች። ከሰዓት ስትመለስ ላስቲኩ ባዶ ነበር።


ማክሰኞ 16፣ ጠዋት

ገና አልጋ ውስጥ ነኝ። የመጸዳጃው በር ስስ ነው፤ ድሮ ይህ በር ያናድደኝ ነበር። አሁን ከወዲያ ስትሸና ይሰማኛል። ረዥም ነው፣ አይቆራረጥም። ሳላስበው ደብተሩን ከራስጌ አነሣሁ፤ እስክሪብቶውንም አገኘሁት። ዛሬ ግን መለኪያ የለም።

«አንተ ሰውዬ» አለችኝ ከውስጥ፣ «እየጻፍክ ነው እንዴ?»

«የሥራ ነው» አልኩና ደብተሩን ገልብጬ ከፊት በኩል የዳቦ ቤቱን ሚዛን መዘገብኩ።